አባ መብረቅ ቤቴ የመጡ ዕለት

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቢቸና በተከራየኋት ቤት ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። በገዛ እጄ የእንጨቱ መደብ ላይ አጎዛ አንጥፌ፣ በገዛ አፌ «ይቀመጡ፣ ያሉት ሁሉ ይሆናል» ብዬ ነው ያስቀመጥኳቸው። ይኸው ስንት ዘመን አልፎ እንኳ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ይኼ ምን ያንገበግባል የሚል ካለ የእኛን አገር ሽማግሌ አያውቅም ማለት ነው። ጎጃም ውስጥ ለነገር የተላከ ሽማግሌ አይቀመጥም። አጎዛ ቢነጠፍለት፣ ጠላ ቢቀዳለት፣ ፀሐይ ቢከርርበት ቆሞ ይውላል እንጂ አይቀመጥም። «ነገራችንን ሳትፈጽምልን አንቀመጥም» ይላል። ባለቤቱ እሺ ያለ እንደሆነ ብቻ ይቀመጣል፤ ከተቀመጠ ደግሞ ነገሩ አለቀ። ልጁን የተጠየቀ ልጁን ሰጥቷል፤ ደም ያለው ደሙን ትቷል። ከዚያ ወዲያ ቃሉን ያጠፈ ሰው ከሰው አይቆጠርም። ይኼ ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነው። የማላውቀው ሆኖ አይደለም የሳትኩት።

የሳትኩት ከሦስቱ መሐል ፊት የቆሙት ግራዝማች ስማቸው የሚባሉት፣ በፈረስ ስም የሚታወቁት ሰው ስለነበሩ ነው። አባ መብረቅ።

ሞጣ ያደገ የእኔ እኩያ ሁሉ አባ መብረቅን ያውቃል። እንደ እኔ ግን ማንም አያውቃቸውም፤ ምክንያቱም ማንም እንደ እኔ እህት የለውም። ታላቅ እህቴ የሺእመቤት ጥጥ ስትፈትል እግሯ ሥር እቀመጥና ስለ አባ መብረቅ አስወራታለሁ። እንዝርቷን ታሽከረክራለች፣ ታወራለች። ጥልያን መትረየሱን ሲያንጣጣበት ጥይቱ ከበርኖሱ ላይ እንደ ሽምብራ ቆሎ እየተንጠባጠበ ይወድቃል። የምሽጉን በር በአንድ እርግጫ ገነጠለው። ዓባይ ሲሞላ አዞዎቹ ጀርባቸውን አሰልፈው ይጠብቁታል፣ እሱ በላያቸው ይራመዳል፤ የመጨረሻውን አዞ ደግሞ ራሱን ዳበስ አድርጎ ያመሰግነዋል። ፈረሱ ገደል አፋፍ ሲደርስ ክንፍ ያወጣል። «ክንፉን የት ነው የሚደብቀው?» ብዬ ስጠይቃት «ከኮርቻው ሥር ነዋ፣ የት ይደብቀው ኖሯል» ትለኝ ነበር፤ እንደዚያ ስትለኝ የማላምንበት ምክንያት አልነበረኝም።

ጆንያ እንደ በርኖስ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ጓሮ ለጓሮ ስዋጋ እውላለሁ። የሺ ባንዳ ትሆንልኛለች። በዱላ ነካ ሳደርጋት ዓይኗን ገልብጣ ትወድቃለች፤ አሟሟቷ ለጉድ ነበር።

ከወሬዎቹ ሁሉ አብልጬ የምወደው ግን የልጅቷን ነው። አንዲት ልጅ ከባንዳ ሹም ቤት አምልጣ፣ እግሯ እየደማ መጥታ አባ መብረቅ ደጃፍ ላይ ትወድቃለች። ሹሙ ተከትሎ ይመጣና «ስጠኝ» ይላል። አባ መብረቅ ደጃፉ ላይ ይቆማል። ያን ቀን ጠመንጃ አያነሣም፤ ፈረሱም ክንፍ አያወጣም። «ደጄን የረገጠች ልጅ አትወጣም» ይላል። ሹሙ ሽማግሌ ይልካል። እምቢ። ቄስ ይልካል። እምቢ። በአቁማዳ ሙሉ ወርቅ ይልካል። እምቢ። «ከዚያስ?» እላለሁ እኔ። «ከዚያማ ሰለቻቸውና ሄዱ» ትለኛለች የሺ። ይኼን ስንጫወት ባንዳ መሆን አትወድም፤ ሁልጊዜ ልጅቷን ነበር የምትሆነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ለዶሮዎቹ እምቢ ስል ከኋላዬ ትስቃለች።

ሰው ካደገ በኋላ የልጅነት ጀግናውን ለምን እንደሚሸከም ቢጠይቁኝ መልስ አላጣም። እኔ ቀጭን፣ ፈሪ፣ የሠፈር ፍየል ሳይቀር የሚያባርረኝ ልጅ ነበርኩ። ጥይት ማራገፍ አልችልም። በር በእርግጫ መገንጠል አልችልም። እምቢ ማለት ግን እችላለሁ፤ ቢያንስ የምችል ይመስለኝ ነበር። አባ መብረቅ ያንን ሁሉ ጉድ ሠርቶ ትልቁን ሥራ የሠራው በአንድ ቃል ነው፣ ቃሏ ደግሞ እኔም አፍ ውስጥ ነበረች። ለዚህ ነው የወደድኩት። ደብረ ማርቆስ ተምሬ፣ መምህር ተብዬ ቢቸና ተመድቤም ወደድኩት። አንድ ሹም ያለጥፋቴ ሲቆጣኝ፣ ሆዴ ውስጥ ባለበርኖሱ ብድግ ይላል። አፌ ዝም ቢልም እሱ ቆሞ ስለሚያየኝ ደህና እሆናለሁ።

ሰውየውን በቅርብ አይቻቸው አላውቅም ነበር። በጥምቀት ቀን በፈረስ ሲያልፉ ከሰው እግር መሐል አሾልቄ አይቻለሁ፤ በቃ።

እንግዲህ ወደ የሺ ልመለስ። በዐሥራዎቹ ዕድሜዋ ነው ለደምለው የተዳረችው። ደምለው ሞጣ ዳር የሚያርስ፣ ከሰው ጋር ሲሆን ጨዋ፣ ከሚስቱ ጋር ብቻውን ሲቀር ሌላ የሆነ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ አምልጣ መጥታ ነበር። መጀመሪያ አባታችን ቤት፤ ሽማግሌ መጣ፣ ቆመ፣ አባታችን አስቀመጠ፣ የሺ ተመለሰች። ከዚያ አጎታችን ቤት፤ እንዲሁ። ሁለቱንም ጊዜ እኔ ትምህርት ላይ ነበርኩ። «እኔ ብኖር ኖሮ» እያልኩ መፎከር ይቀናኝ ነበር።

በስልሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ የግብሩ ረብሻ ገና በረድ እንዳለ፣ የሺ ለሦስተኛ ጊዜ አመለጠች። አባታችንም አጎታችንም ሞተዋል። ከጨው ነጋዴዎች ጋር በደብረ ወርቅ አድርጋ ቢቸና ገባች፤ ግራ እጇ በነጠላ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ከለቅሶ አምሽተሽ መጣሽ ብሎ በዘነዘና ነው የመታት። ለቅሶው የእሱ የአክስቱ ልጅ ለቅሶ ነበር። የክሊኒኩ ድሬሰር አህመድ፣ የሐረር ልጅ፣ ጀሶውን እያሰረላት «ይኼ አጥንት ከዚህ በፊትም ተሰብሮ ያለሐኪም የገጠመ ነው» አለኝ በቀስታ። የሺን ዞር ብዬ ሳያት ግድግዳውን ታያለች። ያን ቀን ክሊኒኩ በር ላይ ቆሜ የተናደድኩትን ንዴት እስከ ሞጣ ባሰማው ደስ ይለኝ ነበር።

ቤት ስንገባ «ከዚህ ቤት የሚያስወጣሽ የለም፣ እታለሜ፤ ማርያምን» አልኳት።  ጓዳ ገብታ ተኛች።

ቅዳሜ ግቢ ውስጥ እንጨት ስፈልጥ የበቅሎ ኮቴ ሰማሁ። ቀና ስል ጥቁር በርኖስ የለበሱ ረጅም ሽማግሌ ከበቅሎ ይወርዳሉ። ከኋላቸው አንድ ቄስና አንድ ባለጋቢ ሰው አሉ፤ እነሱን ልብ ብዬ አላየሁም። ፊታቸውን ሳላውቅ በርኖሱን አወቅሁት። መጥረቢያው ከእጄ ወደቀ።

«የመምህር ይግዛው ቤት ይኼ ነው?» አሉ።

ስሜን ጠሩት። አባ መብረቅ ስሜን ጠሩት። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ሰውነቴ በሙሉ የሰባት ዓመት ልጅ ሆነ። ምን እንዳሰብኩ ልናገር፤ ወደ ደጀን ወርደው አውቶቡስ ሊሳፈሩ ሲያልፉ፣ የሞጣ ልጅ እዚህ ያስተምራል ሲሏቸው ሊጠይቁኝ የመጡ መሰለኝ። እንዴት ያለ ጅል ነገር ነው። እህቴ በተሰበረ እጇ ጓዳ ተኝታ፣ ከሞጣ ሦስት ሰው በሬ ላይ ቆሞ፣ እኔ ጀግናዬ ሊጎበኘኝ መጣ ብዬ ደስ አለኝ።

«ይግቡ፣ ግራዝማች፣ ይግቡ» እያልኩ አስገባኋቸው። አጎዛውን አራግፌ አነጠፍኩ። ሦስቱም መሐል ቤት ቆሙ። መቆማቸው እንኳ አላነቃኝም።

«ልጄ፣ የመጣነው እንኳ ለነገር ነው» አሉ ግራዝማች።

«የእርስዎ ነገር እኔ ዘንድ አይወድቅም። ይቀመጡ፣ ያሉት ሁሉ ይሆናል።»

ግራዝማች ቄሱን አዩ። ቄሱ ባለጋቢውን አዩ። ባለጋቢው ጢሙን ዳበስ አደረገ። «አፍህ ይባረክ» ብለው ግራዝማች ተቀመጡ፣ ሁለቱም ተከትለው ተቀመጡ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ግን ተመንጥሬም ገና አልጠረጠርኩም፣ ከአከራዬ ቤት ጠላ ላመጣ እየሮጥኩ ወጣሁ።

ጠላውን ቀድቼ ጎንበስ ብዬ ስሰጣቸው ነው ግራዝማች ጉሮሯቸውን የጠራረጉት።

«እግዜር ያክብርልን። የሰው ልጅ ነህ። እኚህ ቄስ ገብረ ኪዳን የደምለው የነፍስ አባት ናቸው፣ ይኽ ገላው አጎቱ። ደምለው አጥፍቷል፤ ማጥፋቱንም አምኗል። እኔ ደግሞ ጎረቤቴ ነው፣ እርሻዬንም ያርስልኛል። ሚስቱን ይዘን እንሂድ። ነገ ጧት መንገድ እንጀምራለን።»

ማንቆርቆሪያው እጄ ላይ ነበር። ጠላው ወለሉ ላይ ሲፈስ አየሁት እንጂ አልሰማሁትም።

«ለዚህ መምጣታችሁን አላወቅሁም» አልኩ።

«ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ መምህር» አሉ ቄስ ገብረ ኪዳን። ድምፃቸው ማር ነው። «ያሉት ይሆናል ብለሃል፤ ሦስታችን ሰምተናል። ደግሞም ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል።»

«እጇን ሰብሯታል።»

«አጥንት ይገጥማል።»

«ሁለተኛ አይነካትም» አለ ገላው። «እኔ ዋስ እሆናለሁ።»

«ባለፈው ጊዜስ ዋሱ ማን ነበር?»

ገላው ጠላውን አየ። «ያኔም እኔ ነበርኩ» አለ።

ይኼን ሲል ትንሽ እንኳ አላፈረም። ያኔ የተሰማኝን ንዴት እንዴት ልናገረው። በገላው አልነበረም፤ ገላው ገላው ነው። በቄሱም ብዙ አልነበረም። በእኚያ በርኖስ ለባሽ ሰውዬ ነበር። ዕድሜ ልኬን ተሸክሜያቸው፣ ፈሪነቴን በእሳቸው ደብቄ፣ መጥተው በዚያው ገመድ አነቁኝ። ደምለው ሞኝ አይደለም። ከሞጣ ሽማግሌ ሁሉ መርጦ እሳቸውን የላከው፣ የእኔን የልጅነት እብደት ሠፈር በሙሉ ስለሚያውቀው ነው።

«ግራዝማች» አልኩ፣ «ልጅቷን ያስታውሷታል?»

«የትኛዋን ልጅ?»

«በጠላት ዘመን ደጅዎ ላይ የወደቀችውን። ባንዳው ሽማግሌ ልኮ፣ ቄስ ልኮ፣ እምቢ ያሉላትን።»

ግንባራቸውን ቋጠሩ። ሊያስታውሱ የሚሞክር ሰው ፊት ነበር፤ አይዋሹም ነበር፣ ያ ደግሞ ይበልጥ አበገነኝ። «እንደዚህ ያለ ነገር የለም» አሉ። «በጠላት ዘመን እኔ ደጅ አልነበረኝም፤ ዋሻ ለዋሻ ነው የኖርኩት።»

«የምሽጉን በር በእርግጫ መስበርዎስ?»

«በሩን ዘበኛው ነው የከፈተልን። ከእኛው ወገን ነበር።»

«ጥይትስ? ጥይት አይመታዎትም ነበር?»

እጅጌያቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡና ክንዳቸው ላይ የተሸበሸበ ጠባሳ አሳዩኝ። «ሌላው በቄስ ፊት አይገለጥም» አሉ። ገላው ሳቀ። ስለ አዞዎቹ አልጠየቅሁም፤ ያን ያህልስ አልወረድኩም።

«ይኼን ሁሉ ማን ነገረህ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ» አለ ድምፅ ከጓዳ።

የሺ መጋረጃውን በደህና እጇ ገልጣ ወጣች። ነጠላዋን አጣፍታ ለብሳለች፣ በጀሶ የታሰረው እጇ ከደረቷ ላይ ነው። ለሦስቱም እንደ ወጉ ጎንበስ ብላ እንደምን ዋላችሁ አለች። እኔን አላየችኝም።

«ልጅቷን የፈጠርኳት እኔ ነኝ፣ ግራዝማች። ስምዎን ሳላስፈቅድ ስለወሰድኩ ይቅር ይበሉኝ።»

«ምን አድርጌሽ ነው?» አሉ። የምር ግራ ገብቷቸው ነበር።

«ምንም አላደረጉኝም። ለደምለው ስጠየቅ ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ እርስዎ ነበሩ። እኔ ጓዳ ነበርኩ። አባቴ እያመነታ ነበር፤ ልጅ ናት፣ ትቆይ እያለ። እርስዎ 'እኔን ስማቸውን ታቆመኛለህ?' አሉት። ከዚያ ሲቀመጡ የእንጨቱ መደብ ሲንቋቋ ሰማሁ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «የተቀመጡት ስማቸው ምንም አያደርጉልኝም። ስለዚህ ሠርጉ እስኪደርስ የማይቀመጥ ሌላ ስማቸው ሠራሁ። አዞውንም ክንፉንም የጨመርኩት ልጁ እንዲወደው ነው። ልጅ ያለ አዞ አይወድም።»

«የትኛው ልጅ?» አሉ ቄሱ።

የሺ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። «እርስዎ እንደማይመጡልኝ አውቄያለሁ፣ ግራዝማች። ይኼ ግን ያድጋል ብዬ ነበር።»

ይኼን ስትል ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እኔ ግን ያኔ መሬት ብትከፈት እገባባት ነበር። ያ ሁሉ እንዝርት፣ ያ ሁሉ ወሬ፣ የመጫወቻ ነገር መስሎኝ ነበር። ለካ ሥራ ይዛ ነበር። አባታችን ሲያስቀምጥ ሰምታ፣ አንድ የማያስቀምጥ ሰው ከሥር ጀምራ ልታሳድግ በሰባት ዓመት ልጅ ላይ ስትደክም ኖራለች። የደከመችበት ሰው ደግሞ አጎዛ አራግፎ አስቀመጠ።

«ልጄ» አሉ ቄሱ፣ «ይኼ የሴት ወሬ ነው። ባልሽ ንስሐ ገብቷል።»

«እርስዎ የእኔም የነፍስ አባት ነዎት፣ አባቴ። መጀመሪያ እጄን ሲሰብረኝ ነግሬዎታለሁ። ስገጂ አሉኝ። በአንድ እጅ እየተደገፍኩ ሰግጃለሁ።»

 ገላው አልታገሠም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» አለ። «ነገሩ ከመምህሩ ጋር አልቋል።»

እውነቱን ነው፤ አልቆ ነበር። ለዚያ ነው ያደረግሁትን ማድረግ የነበረብኝ። ወደ መደቡ ሄድኩና ከግራዝማች ፊት ቆምኩ። 

«ይነሡ» አልኳቸው።

«ምን አልክ?»

«ይነሡ አልኩ፣ ግራዝማች። ቃሌን አጥፌያለሁ። እህቴን አልሰጥም።»

 ሽማግሌ ከተቀመጠበት ሲያስነሡ እኔ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። እነሱም አላወቁም፤ ምን እንደሚደረግ ግራ ገብቷቸው እርስ በርሳቸው ተያዩ። ግራዝማች ዓይናቸው ቀላ።

«ጥልያን ያላስነሣኝን አንተ ታስነሣኛለህ?»

«ጥልያን እህቴን አልጠየቀኝም።»

«እገዝትሃለሁ» አሉ ቄሱ። መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንዳትደርስ፣ ከሰው ጋር እንዳትበላ፣ ስትሞት ፍትሐት እንዳታገኝ እገዝትሃለሁ።»

ፈራሁ። አልፈራሁም ብል እዋሻለሁ። ግዝት ቀልድ አይደለም፤ እናቴ ግዝት የደረሰበትን ሰው ስም እንኳ አትጠራም ነበር። ነገር ግን ከኋላዬ የየሺን ትንፋሽ እሰማለሁ፣ እሱ ደግሞ ከግዝቱ ይበልጥ ይቀርበኝ ነበር።

«ይገዝቱኝ፣ አባቴ» አልኩ። «መጀመሪያ ግን ይነሡ። አጎዛው የእኔ ነው።» ጎንበስ ብዬም የአጎዛውን ጫፍ ያዝኩ። ብድግ ካላሉ ከሥራቸው ልስበው ነበር፤ ማርያምን ልስበው ነበር።

መጀመሪያ ገላው ተነሣ። ከዚያ ቄሱ። ግራዝማች ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ክብደታቸውን በሙሉ ጥለውበት፣ ቀስ ብለው ተነሡ። ወገባቸውን ሲያቀኑ አመማቸው። አንድ ጊዜ ልደግፋቸው እጄ ተዘረጋ፤ መለስኩት። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። ይቅርታ የሚሉ መሰለኝ፣ ሞኝ አይደለሁ።

«ከእንግዲህ በስሜ እንዳትጫወት» አሉኝ።

«ስሙ የእርስዎ ብቻ አይደለም» አልኳቸው።

ግቢው ውስጥ ቄሱ ጎረቤት እንዲሰማ ጮክ ብለው ቃሉን ያጠፈ፣ ሽማግሌ ያስነሣ እያሉ ስሜን ከነአባቴ ጠሩት። ጎረቤትም ሰማ። ከዚያ በኋላ ማኅበሬ ተራዬን ለሌላ ሰጠ፣ ገበያ ላይ እጅ የሚነሡኝ የነበሩ ሰዎች ሰማይ ሰማይ ያዩ ጀመር፣ አከራዬ ወይዘሮ አገሬም ለዘመዴ ፈልጌዋለሁ ብለው ቤቱን አስለቀቁኝ። ግድ አልሰጠኝም ብዬ አልኮራም፤ አቃጥሎኛል፣ ዛሬም ያቃጥለኛል። የሚስቱን እጅ ሁለት ጊዜ የሰበረው ደምለው ሞጣ ላይ አንድ ማኅበር እንኳ አልቀረበትም።

ሰው ግን አሁንም አባ መብረቅን ትወዳለህ ወይ ይለኛል። እወደዋለሁ። ከበቅሎ የወረዱትን ሰውዬ አይደለም፤ እሳቸው በጦር ሜዳ ደፋር ነበሩ፣ ጠባሳቸውን አይቻለሁ፣ ያ የእሳቸው ነው። እኔ የምወደው እህቴ ከፍርሃቷ ላይ ቀንሳ የሠራችልኝን ነው። ክንፍና አዞ የተጨመረበት ለእኔ ነው፤ ያለዚያ አልሰማም ነበርና።

ያን ዕለት ግን ይኼ ሁሉ አልታሰበኝም። የበቅሎዎቹ ኮቴ እንደራቀ በሩን ዘጋሁና ላቤን ጠረግሁ። ላቦቱ ሳይደርቅ አንድ የሆነ ኩራት ይመጣብኝ ጀመር። የሺ አንድ ነገር ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ወንድሜ ትለኝ ይሆናል፤ ታለቅስ ይሆናል። ወደ ጓዳ ስትገባ ተከተልኳት።

አልጋው ተነጥፏል። ቀሚሷ፣ ሻሿ፣ ከሞጣ ያመጣቻት ትንሽ ብርድ ልብስ፣ ሁሉም በአንድ ጨርቅ ተቋጥረው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ዝቅ ብዬ እግሯን ሳይ ጫማዋን አድርጋለች። ከመጣች ጀምሮ ቤት ውስጥ ጫማ አድርጋ አታውቅም።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት።

«አስቀመጥካቸው እኮ» አለችኝ።

ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። አባታችን ሲያስቀምጥ እንደቋጠረችው፣ አጎታችን ሲያስቀምጥ እንደቋጠረችው፣ መደቡ ሲንቋቋ ሰምታ ተነሥታ ቋጥራለች። እኔ ጠላ ፍለጋ ስሮጥ።

ተቀመጥኩና ቋጠሮውን ልፈታላት ሞከርኩ። እምቢ አለኝ። በአንድ እጅ ስለማይሆንላት አንዱን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ነበር ያጠበቀችው፤ ጨርቁ ገና እርጥብ ነበር።